የማቀፊያው ክፍተት

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ስኩተር ማቀፊያ ልገዛ ወጣሁ። ሶልያና ስምንት ዓመቷ ነው። ስኩተሩ ያገለገለ ነው፤ ልጆች ይዘውት የሚዘሉበት፣ አየር ላይ የሚያሽከረክሩት፣ እጀታው የማይታጠፍ ዓይነት። እጀታውን ከፊት ጎማው ጋር አንድ አድርጎ የሚይዘው ቀለበት፣ ማቀፊያው፣ ብሎኑ ተበልቶ ላልቷል። እሷ ወደ ግራ ስትጠመዝዝ ጎማው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ስትነዳው አይቼ ከእጇ ተቀበልኩና ግድግዳ አስደገፍኩት።

አዳማ መሃል ከተማ የብስክሌት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ወጣት ነው። ሦስት ማቀፊያ ዘረጋልኝ፤ ቀይ፣ ወርቅማና ጥቁር።

«እናት፣ ቀዩን ውሰጂ። ልጆች ይወዱታል።»

ቧንቧው ላይ ጠምጥሜ በእስክሪብቶ ምልክት ያደረግኩበትን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። እንደ ቀለበት ጠቅልዬ ቀዩ ውስጥ አስገባሁት።

«ሰፊ ነው» አልኩት።

«ሲጠብቅ ይይዛል። ሁሉም እኮ አንድ ነው።»

«አንድ አይደለም።»

«እንግዲያው ልጁን ላኪውና ራሱ ይምረጥ።»

«ልጁ ሴት ናት። የምመርጠውም እኔ ነኝ።»

ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ጥቁሩን ለካሁ፤ ልክ ሆነ። ብሎኖቹን ሊቀባልኝ የግራሶውን ጣሳ ሲከፍት ሽታው መጣ። ጣሳው ውስጥ የነበረው ግራሶ ብቻ ነው። የፈረስ ላቡንና የእርጥብ አፈሩን ሽታ እኔ ጨመርኩበት።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ፍልሰታ ገብቷል። ቤታችን ከኮረብታው እስከ ድልድዩ የሚወርድ አስፋልት አጠገብ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች በዚያ ቁልቁለት በኩሽኔታ ይወርዳሉ። ኩሽኔታ የምንለው ከእንጨት የተሠራ ስኩተር ነው። ጎማ የለውም፤ በጎማው ፋንታ ከመኪና የወጣ አሮጌ ኩሽኔታ ከፊትና ከኋላ ይገባለታል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ብረቱ አስፋልቱን ሲፈጭ የሚያወጣው ጩኸት ጥርስ ያንገጫግጫል። ትልልቅ ሰዎች መስኮት ይዘጋሉ። እኔ መስኮት እከፍት ነበር።

በዚያ ቁልቁለት ሴት ልጅ ወርዳ አታውቅም። እኔ ልወርድ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ዛሬም ምክንያት አልፈልግለትም።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሞጆ አድሮ ሲመጣ ሁለት ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እንዲያመጣልኝ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። በማግስቱ ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ጾሙን ሙሉ አልተመለሰም።

ሳንቃውን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። የተሰበረ አልጋ ጎን ነበር። ለጾሙ ፍቺ ዳቦ መጋገሪያ እንዲሆናት ከዝናብ ሸሽጋ ያስቀመጠችው ነው፤ በክረምት ደረቅ እንጨት ቀላል ነገር አይደለም። ሳንቃውን አቅፌ ስቆም አየችኝ።

«ውሰጂው» አለች። «ግን ጾሙ እስኪፈታ አንድ ጠብታ ደም ካየሁብሽ ምድጃ ይገባል።»

እናቴ ብዙ አትናገርም ነበር። የተናገረችውን ግን አትመልስም።

ደም ያለችው እንዲሁ አይደለም። የሚደማ ሰው አይቆርብም። በፍልሰታ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይቆርባል፤ እኔም እቆርብ ነበር። የቆረብኩ ዕለት አልሮጥም፣ አልተፋም፣ በባዶ እግሬ አልሄድም። እንቅፋት እንዳያደማኝ መሬት መሬት እያየሁ ነው ቤት የምገባው። ከዚያ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ደጃፍ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ወንዶቹ ሲወርዱ አያለሁ።

«ጽጌ፣ ሐውልት ሆንሽ እንዴ?» ይለኛል ሚኪ እያለፈ። ከሁሉም ፈጣኑና ከሁሉም ለፍላፊው እሱ ነበር። መልስ ነበረኝ። አፌ ግን ተሸፍኗል።

ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች ሳንቃውን ስሸከም ባዩኝ ቀን ወደ ቤታችን መጡ። «ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ከወጣች ክብሯን ትጥላለች» አሏት ለእናቴ። ክብር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እንደ ወተት ጥርስ የሚወልቅ ነገር መሰለኝ። ያን ዕለት ማታ ከመተኛቴ በፊት ገላዬን ዳሰስኩ፤ የላላ ነገር አላገኘሁም።

ጋሽ ከድር ጋሪ ጠጋኝ ነበሩ። አርሲ ነገሌ ተወልደው አዳማ ያረጁ ሰው ናቸው። ባጃጅ በየቀኑ ይበዛ ስለነበር የሚጠገን ጋሪ ቀንሶባቸዋል። በቆርቆሮ የተሠራው ቤታቸው ፊት አንድ ሁለት ፈረስ ሁልጊዜ ይቆማል፤ ጥላው ግራሶና የፈረስ ላብ ይሸታል። በባዶ ሆዴ ስገባ ያ ሽታ ይከብደኝ ነበር፤ ከዚያ ለመድኩት፤ ከዚያ ደግሞ ናፈቀኝ።

«አካም፣ ኢንተላ» አሉኝ። ልጅት ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ ጋሽ ከድር።»

ኩሽኔታዎቹን አሳየኋቸው። በጣታቸው አሽከረከሩና ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

«የማን ናቸው?»

«የእኔ።»

«የሚነዳውስ ማን ነው?»

«እኔ።»

እስቃለሁ ብለው የተዉት ነገር ፊታቸው ላይ ቀረ። «እኔ ቤት ወንድ እኔ ብቻ ነኝ» አሉ። «አምስቱም ልጆቼ መዶሻ ይይዛሉ። አንቺም የምትነጂው አንቺ ከሆንሽ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። አሳይሻለሁ እንጂ እጄን አላበድርሽም።»

የወንዶቹ ኩሽኔታ ምሰሶው እንጨት ነው፤ በየሳምንቱ ይሰነጠቃል። የእኔ ብረት እንዲሆን መከሩኝ። ሁለት የቧንቧ ቁራጭ ሰጡኝ። የታችኛው የፊቱን ኩሽኔታ ይይዛል፤ የላይኛው እጀታ አለው። የላይኛውን ጫፍ በመጋዝ ሰንጥቄ በታችኛው ላይ አጠለቅሁት። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ማቀፊያ ነው፤ ጎኑ የተከፈተ የብረት ቀለበት፣ ክፍተቱ በሁለት ብሎን የሚጠብብ። እሱ ከያዘ እጅ ሲዞር የፊቱ ኩሽኔታ ይዞራል። እሱ ከላላ እጅ ብቻ ይዞራል።

ማቀፊያ መምረጥ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጋሽ ከድር አንድ ሣጥን ሙሉ ነበራቸው፤ ከመኪና የወጣ፣ ከቆቃ የመስኖ ፓምፕ የተፈታ፣ ከምን እንደመጣ የማይታወቅ። ቧንቧ ላይ ወረቀት ጠምጥሞ መለካትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ዓይንሽ አይምረጥ» ይሉኛል። «ወረቀቱ ይምረጥ።»

ወረቀቱ የመረጠው ትንሽ፣ ዝገት የበላው፣ አስቀያሚ ማቀፊያ ነበር። ዓይኔ የመረጠው ከትልቅ መኪና የወጣ፣ የሚያብለጨልጭ ነበር። ትንሽ ይሰፋል። ሣጥኑ ውስጥ መልሼ ከላይ አስቀመጥኩት፤ እንዳይጠፋብኝ።

እኔ ባለሁበት ጋሽ ከድር ውሃ አይጠጡም ነበር። ጀሪካናቸውን ጋሪ ሥር ይደብቃሉ። አንድ ቀን መጋዝ ረስቼ ስመለስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲጠጡ አገኘኋቸው። ሰው ማየት የሌለበት መድኃኒት መሰለኝና አቀረቀርኩ። እሳቸውም ደነገጡ።

«ጾመኛ ፊት እንዴት ይዋጣል» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ።

እግዚአብሔር ይስጣቸው። ዛሬም እላለሁ።

አርብ ቀን ጋሽ ከድር ለጁምዓ ታጥበው ሊወጡ ሲሉ ሥራው ማቀፊያው ብቻ ቀርቶት ነበር። «ጠብቂኝ፤ ስመለስ ታስሪዋለሽ» አሉኝ። ትንሽ ራቅ ካሉ በኋላ ዞር ብለው «መጠበቁ እምቢ ካለሽ ደግሞ ክፍተቱን እያየሽ እሰሪው» አሉ። ያውቁኝ ነበር። እናቴም ቅዳሴ ሄዳለች። «ተከተይኝ» ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። አልተከተልኳትም።

የሚያብለጨልጨውን አነሳሁ። ሲሰፋብኝ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ አንድ የላስቲክ ቁራጭ ቆርጬ ከሥሩ ጠመጠምኩ። መጀመሪያ የላይኛውን ብሎን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁ፣ ከዚያ የታችኛውን። ክፍተቱን እያየሁ ነበር። ጠበበ፣ ጠበበ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ጠርዞች ገጠሙ። ደስ አለኝ። አፌን ዘግቼ መዋል የተማርኩ ልጅ ነኝ፤ የተዘጋ ነገር ሁሉ ትክክል ይመስለኝ ነበር። እጀታውን ነቀነቅሁት። ፍንክች አላለም።

ወንዶቹ ኮረብታው አናት ላይ ነበሩ። ሚኪ ከሩቅ አየኝ።

«ሐውልቷ ተነሣች» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። «ጽጌ፣ እናትሽ ስትመጣ ምን ብለን እንንገራት?»

«ድልድዩ ጋ ደርሳለች በሏት» አልኩና መሬቱን ገፋሁ።

ግማሹን መንገድ ወረድኩ። ያን ግማሽ ማንም አይወስድብኝም። ጩኸቱ ከእግሬ ሥር ተነሥቶ በጥርሴ በኩል ይወጣ ነበር። የረሃቡን ነገር ረሳሁት። ከዚያ መታጠፊያው መጣ። ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፤ እጀታው በእጄ ውስጥ ዞረ፤ ኩሽኔታው አልሰማም። ቀጥ ብሎ የቦዩን ጠርዝ መታ።

ስወድቅ መጀመሪያ ያደረግኩት አስፋልቱ ላይ መፈለግ ነው። ክብሬ የት እንደወደቀ ላይ ብዬ። ያገኘሁት አንድ ብሎን ብቻ ነው።

ሚኪ ሮጦ መጣ። አልሳቀም። «ደማሽ?» አለኝ።

«አልደማሁም» አልኩት። ደሙ ካልሲዬ ደርሶ ነበር። ከቁስሉ ይልቅ በጾም መዋሸቴ አቃጠለኝ።

እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ጉልበቴን አየች። በለብታ ውሃ አጠበችው። ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቀመች። አልተቆጣችም።

«ሳንቃው የት ነው?»

«ጋሽ ከድር ጋ።»

«የፍቺው ዋዜማ እወስደዋለሁ» አለች።

እትዬ አስናቀች ግን የእናቴንም ድርሻ ጨምረው ተናገሩ። «ብያለሁ» እያሉ በየበሩ ሄዱ። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሴቶቹ ጉልበቴን ያያሉ። ሴት ስለሆነች ነው የወደቀችው ይሉ ነበር። እኔ ሚኪ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ አይቻለሁ። ወንድ ስለሆነ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ውሸቱንም መቅረቴንም ነገርኳቸው። ጉልበቴን ጎንበስ ብለው አዩ።

«እስከ ፍቺው ቀን ከደረቀ ትቆርቢያለሽ» አሉ። «ዳግመኛ ከደማ ለሌላ ጊዜ ነው። ስግደትም አለብሽ፤ እሱን ጉልበትሽ ሲድን።»

ጋሽ ከድር ደግሞ ከጉልበቴ በፊት ማቀፊያውን አዩ።

«ክፍተቱን አላየሽም?»

«አየሁ። ዘጋሁት።»

አሁን ሳቁ። ረጅም ሳቅ ነበር። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና ሁለቱን መዳፋቸውን በእጄ አንጓ ዙሪያ አደረጉ። «ጠርዝና ጠርዝ ከተገናኙ ብሎኑ የሚያጠብቀው እነሱን ብቻ ነው» አሉ። «ቧንቧውን ማን ይያዘው? ትንሽ ክፍተት ሲቀር ነው የሚጨብጠው።» እጃቸውን አጠበቁ፤ ጣቶቻቸው አልተገናኙም፤ አንጓዬ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ይህ ከመነዳሪ ደግሞ ይለጠጣል። ጭነት ያስራል እንጂ ብረት ለብረት አያስይዝም።»

አስቀያሚውን አወጣሁ። ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት ሁለት ቀን ፈተግሁት። ግራሶ ብሎኖቹን ብቻ ቀባሁ፤ ቧንቧው ላይ የነካውን በነጭ ጋዝ ጠረግሁ። የማቀፊያውን ክፍተት ከቧንቧው ስንጥቅ ጋር አገጣጠምኩ። ከዚያ አንዱን ብሎን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር፣ እንደገና አንዱን። ሲያልቅ የሳንቲም ውፍረት የሚያህል ክፍተት ቀረ። የፊቱን ኩሽኔታ በጭኖቼ ጨምቄ እጀታውን በሙሉ ኃይሌ ጠመዘዝኩ። ጭኔን አሳመመኝ እንጂ አልዞረም።

በዋዜማው ከቅዳሴ መልስ እናቴ ገመድ ይዛ ጋሽ ከድር ጋ መጣች። እትዬ አስናቀች ተከትለዋታል። ሳንቃው ላይ ተቀመጥኩበት።

«ተነሺ» አለች እናቴ።

«አልነሣም።»

እንዲህ ብያት አላውቅም። እሷም ሰምታ አታውቅም።

«የተናገርኩትን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ደምቻለሁም። ግን ለምን እንደወደቅሁ እስካሁን አልጠየቅሽኝም።»

«ሴት ስለሆንሽ ነዋ» አሉ እትዬ አስናቀች።

እናቴ ወደ እሳቸው አልዞረችም። «ለምን ወደቅሽ?» አለችኝ።

«ማቀፊያው ሰፊ ነበር። ሲያብለጨልጭ ወደድኩት። ጋሽ ከድር ጠብቂኝ ሲሉኝ አልጠበቅኋቸውም። አሁን ልኩን መርጬ ራሴ አስሬዋለሁ።»

«ካልያዘስ?»

«ራሴ ፈልጬ እሰጥሻለሁ።»

ጋሽ ከድርን አየቻቸው። «እርስዎ አይተውታል?»

«አልነካሁትም» አሉ። «ያሰረችው እሷ ናት። እኔን አትጠይቂኝ።»

«ነገ እኮ ቁርባን ነው» አሉ እትዬ አስናቀች። «ይህች ልጅ ዛሬ ብትደማ ሁለቱንም አጣች ማለት ነው። ቢያንስ ጾሙ ይፈታ።»

እውነታቸውን ነበር። ጾሙ እስኪፈታ ግን ሳንቃው አመድ ይሆናል። ደግሞም ፈርታ ተወችው መባል አልፈለግሁም። ፈርቼ ነበር። እግዚአብሔር የእትዬ አስናቀች ወገን ነው ብዬ ግን አላመንኩም።

«ዛሬ» አልኩ።

እናቴ ገመዱን ክንዷ ላይ ጠመጠመች። «መታጠፊያው ጋ እቆማለሁ» አለችና ቀድማኝ ወጣች።

ዝናቡ ገና አባርቷል። አስፋልቱ ይጨሳል። ኮረብታው አናት ስደርስ ወንዶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ሚኪ ኩሽኔታውን ብብቱ ሥር አድርጎ ጠጋ አለኝ።

«ወደ ግራ ያዢ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በቀኝ በኩል ውሃ አለ።» ከዚያ ጓደኞቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሐውልት፣ ደግሞ ከቦይ ውስጥ እንዳንለቅምሽ» አለ።

«እናትህን ልቀማት» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። አማተብኩ። ገፋሁ።

እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ እንደ ምሰሶ መታጠፊያው ላይ ቆማለች፤ ልክ የወደቅሁበት ቦታ። እየቀረበች፣ እየገዘፈች መጣች። ጩኸቱ ጆሮዬን ደፈነው። ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። የእጄ ትእዛዝ በብረቱ ወርዶ መሬት ሲደርስ ተሰማኝ። ኩሽኔታው ዞረ፣ ሳንቃው ዞረ፣ እኔም አብሬ ዞርኩ። እናቴን በክንድ ርቀት አለፍኳት። «ቁሚ» ያለችኝ መሰለኝ። አልቆምኩም። እስከ ድልድዩ ወረድኩ፤ የጫማዬን ሶል አስፋልቱ ላይ ጎትቼ ነው ያቆምኩት።

ኩሽኔታውን ተሸክሜ ዳገቱን ተመለስኩ። እናቴ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እትዬ አስናቀችም ደርሰው አጠገቧ ቆመዋል። እናቴ ተንበረከከችና ቀሚሴን ገልጣ ሁለቱንም ጉልበቶቼን አየች። መዳፎቼን ገልብጣ አየች። ደረቅ ነበርኩ። ተመስገን።

ከዚያ ማቀፊያውን አየች። የአውራ ጣቷን ጥፍር ክፍተቱ ውስጥ አስገባች።

«ክፍት ነው» አለች።

«መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።»

ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ ጎረቤታችን ዞረች።

«እትዬ አስናቀች፣ ደረቅ እንጨት ካለዎት ያበድሩኝ» አለች። «ልጄ የሷን አልሰጥም ብላኛለች።»